ጥቂት ብርሃን በቦታው

አንባቢ ሆይ፥ የዛሬው ጨዋታችን ስለ መብራት ነው። «ስለ መብራት ደግሞ ምን የሚወራ አለ? ሲመሽ ማብራት፥ ሲተኙ ማጥፋት ነው» ትል ይሆናል። ነገር ግን ተማሪ ከሆንህ የነገው ፈተናህ፥ በቅርቡ የተቀጠርህ የመንግሥት ሠራተኛ ከሆንህም የማታ ትምህርትህ የሚሠራው በዚያ መብራት ሥር ነው። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ ብታውሰኝ የምትከስር አይመስለኝም። እኅቴ ሆይ፥ «አንተ» ማለቴ አንቺንም እንደሚጨምር ከወዲሁ እወቂልኝ።

በመጀመሪያ የምትኖርበትን ክፍል እንመልከት። ክፍሉ የኪራይ ነው፤ ስፋቱም ከአራትና ከአምስት እርምጃ አያልፍም። አምፖሉ ከጣራው መካከል በሽቦ ተንጠልጥሏል። አልጋው በአንደኛው ግድግዳ፥ ጠረጴዛው በሌላኛው ግድግዳ ሥር ተጠግቷል። አንተም ፊትህን ወደ ግድግዳው አድርገህ ስትቀመጥ መብራቱ ከጀርባህ ይሆናል። ደብተርህን ስትገልጥ ከሁሉ አስቀድሞ ደብተሩ ላይ የሚያርፈው የራስህ ጥላ ነው። ወደ ግራ ብታዘነብል ጥላው ይከተልሃል፤ ወደ ቀኝም ብታዘነብል እንዲሁ። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚታየው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ይኸውም «ትልቅ አምፖል ልግዛ» የሚል ነው። ትልቁ አምፖል ይገዛል። ጣራውና ግድግዳው ቦግ ይላሉ። ጥላው ግን እዚያው ደብተሩ ላይ ተቀምጧል፤ የወር ሂሳቡም ጨምሯል።

እንግዲህ ነገሩን በደንብ ብንመረምረው የጎደለው ብርሃን አይደለም፤ ብርሃኑ የተቀመጠበት ቦታ ነው የተሳሳተው። ይህን ለማስረዳት ከወጥ ቤት ምሳሌ ላምጣ። አንድ ጭልፋ ወጥ በአንድ እንጀራ ላይ ቢፈስ ይበቃል እንበል። ያንኑ አንድ ጭልፋ በአራት እንጀራ ላይ ብታዳርሰው እያንዳንዱ እንጀራ የሚደርሰው ሩብ ብቻ ነው። በአሥራ ስድስት እንጀራ ላይ ብታዳርሰው ደግሞ ከጠብታ አያልፍም። ብርሃንም እንደዚሁ ነው። መብራቱ ከደብተርህ የሚርቅበት ርቀት እጥፍ ሲሆን ያው ብርሃን በአራት እጥፍ ስፋት ላይ ይበተናል። ርቀቱ አራት እጥፍ ሲሆን በአሥራ ስድስት እጥፍ ስፋት ላይ ይበተናል። ስለዚህ ከደብተርህ 2 ሜትር ርቆ የተንጠለጠለውን አምፖል ወደ 50 ሳንቲ ሜትር ብታቀርበው፥ ግድግዳው መልሶ የሚወረውረውን ብርሃን ሳንቆጥር፥ ፊደሉ ላይ የሚያርፈው ብርሃን 16 ጊዜ ይበዛል። አንድ ሳንቲም አላወጣህም፤ ያደረግኸው ነገር ቢኖር ጭልፋውን ወደ እንጀራው ማስጠጋት ብቻ ነው።

ይህ ጉዳይ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ሌሊቱ ለሚረዝምበትና ብርሃን ለሚወደድበት አገር ነው። ለምሳሌ ያህል ትምህርትህን ጨርሰህ በመምህርነት ወይም በጽሕፈት ሥራ ወደ ፍላቂት ተመደብህ እንበል። ፍላቂት በሰሜን ወሎ የመቄት ወረዳ ከተማ ናት። ከወልድያ ተነሥቶ በጋሸና በኩል ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ የሚያልፈው፥ ሕዝቡ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ያቋርጣታል። ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን የታጠፈ ሰው ላሊበላ ይገባል፤ ወደ ምዕራብ የቀጠለ ግን ፍላቂትን ያገኛል። አገሩ ደጋ ነው፤ ነፋሱም ብርዱም የታወቀ ነው። ፀሐይ እንደ ሌላው አገራችን ሁሉ በአሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ትጠልቅና ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ትሰናበታለች። ከተማዋ ኤሌክትሪክ ቢኖራትም በዙሪያዋ ባለው ገጠር ብዙው ቤት የሚያመሸው በኩራዝ፥ በባትሪ ወይም በትንሽ የፀሐይ መብራት ነው። ከዚህም ሌላ ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላስታና መቄት በደረሰ ጊዜ ብዙ የሰሜን ወሎ ከተሞች ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ መቆየታቸው አይዘነጋም። በዚያን ጊዜ ማብሪያውን መጫን ብቻ የሚያውቅ ሰው የተጫነው ጨለማ እንዴት ያለ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ኩራዝ ባለውለታችን ነው። የስንቱ ዶክተርና የስንቱ ዳኛ ትምህርት በኩራዝ እንደ ተጀመረ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ውለታውን ሳንረሳ ጉዳቱንም እንናገር። ክር ብቻ ያለው ተራ ኩራዝ የሚሰጠው ብርሃን 10 ሉመን ገደማ ነው፤ የቀረው የላምባው ኀይል ሙቀትና ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ወደ ብርሃኑ ጎንበስ ብሎ የሚያነብ ልጅ ያንን ጢስ በአፍንጫው ይስባል። የዓለም የጤና ድርጅትም በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ላምባን ለቤት ውስጥ ማገዶነትና መብራት መጠቀም እንዲቀር መክሯል። በደካማ ብርሃን ማንበብ ዐይንን አያጠፋም፤ ያደክማል እንጂ። ጢሱ ግን ለሳንባ ጠላት ነው። የኩራዙ መገልበጥ የሚያመጣውንም እሳት የሣር ቤት ያለው ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ብርሃናችን ጥቂት ከሆነ በምን ዘዴ እናብቃቃው?

መልሱን ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከፍላቂት በጋሸና በኩል ላሊበላ ደርሰን ቤተ ጊዮርጊስን እንመልከት። ግንበኛ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየጨመረ ይሠራል፤ የላሊበላ ጠራቢዎች ግን እየቀነሱ ነው የሠሩት። ከአንድ ወጥ ቋጥኝ የማያስፈልገውን ቢያወጡ የሚያስፈልገው ቤተ ክርስቲያን ቀረ። መስኮቶቹን ብትቆጥር በታችኛው ረድፍ 9፥ በላይኛው ረድፍ 12 ታገኛለህ። የታችኞቹ ዘጠኙ መልካቸው ብቻ የተቀረጸ ዝግ መስኮቶች ናቸው፤ የላይኞቹ አሥራ ሁለቱ ግን ክፍት ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ የቆመው በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ ሰማዩ የሚቀርበው ለላይኛው ረድፍ ነው። ብርሃኑም ከዚያ ገብቶ ወደ ታች ይወርዳል። ድንጋይ አንድ ጊዜ ከተበሳ ተመልሶ አይደፈንምና፥ እነዚያ ሰዎች መሮውን ከማንሣታቸው አስቀድሞ ብርሃን የት እንደሚገባና የት እንደማይገባ ወስነው ነበር ማለት ነው።

ይህ የቀኑ ብርሃን ነው። የሌሊቱስ? በሌሊት አገልግሎት መጽሐፍ ሲነበብ አይተህ እንደ ሆነ፥ ጧፍ የያዘ እጅ ከብራናው አጠገብ ሲቆም ታያለህ። ያ ጧፍ ቤቱን ሁሉ አያበራም፤ እንዲያበራም አልተጠየቀም። የተጠየቀው ፊደሉን እንዲያሳይ ነው። አሁን አንድ ሂሳብ ልንገርህ። አንድ ተራ ሻማ 12 ሉመን ያህል ብርሃን ይሰጣል። የቀድሞው 60 ዋት አምፖል ደግሞ 800 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ ይህም ከ60 ሻማ ይበልጣል። ነገር ግን ሻማውን ከመጽሐፉ 25 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት አንድ ስንዝር ከጥቂት፥ ብታርቀውና አምፖሉን ክዳን ሳታደርግለት 2 ሜትር ብታርቀው፥ ገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይተካከላል። ርቀቱ ስምንት እጥፍ ነው፤ ስምንት ጊዜ ስምንት 64 ነውና አምፖሉ በብዛት ያገኘውን ሁሉ በርቀት ከሰረው። አያቶቻችን ይህን ሂሳብ በቁጥር ባያሰሉትም በእጃቸው ያውቁት ነበር። በዚህም ላይ ብራናው ላይ ያለው ፊደል ትልልቅ ነው፤ ጥቂቱ ብርሃን ይበቃዋል። የዛሬው መጽሐፍ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ ብርሃኑም ከዚያ በርከት ማለት አለበት።

የጧፉ ችግር ሌላ ነው። ክንድ ይደክማል፤ ሰሙ ይንጠባጠባል፤ አንድ ሰው ለመያዝ ብቻ መቆም አለበት። መብራት ክብደት አለውና ከያዝከው ያደክምሃል፤ ከለቀቅኸው ይወድቃል። ታዲያ የማይደክም ክንድ ከየት ይገኛል? ይህን ጥያቄ በሌላ አገር ያሉ ሰዎችም ጠይቀው ሦስት መልስ አግኝተዋል። አንዱ ውጥረት፥ አንዱ ሚዛን፥ አንዱ ደግሞ ክብደት ራሱ ነው። (ከዚህ ቀጥሎ ያሉትን ዘመናት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ውሰዳቸው።)

የመጀመሪያው ሰው ጆርጅ ካርዋርዲን የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነው። ሙያው የመኪና መንገጫገጭን የሚያለዝቡ ሞላዎችን መንደፍ ነበር። ሞላ ማለት ሲስቡት የሚረዝም፥ ሲለቁት የሚሰበሰብ የሽቦ ጥምዝ ነው። ካርዋርዲን በ1932 ሞላዎችን እንደ ክንድ ጅማት አድርጎ የሚሠራ መብራት አስመዘገበ። ክንዳችን በየትኛውም ቦታ ሊቆም የሚችለው ጅማቶቹ ክብደቱን እየተከተሉ ስለሚሳቡና ስለሚላሉ ነው። በዚህም መብራት ክንዱ ወደ ታች ሲወርድ ሞላው ይበልጥ ይሳባል፤ ወደ ላይ ሲወጣ ይላላል። በዚህ ምክንያት ባደረግኸው ቦታ ይቆማል። «አንግልፖይዝ» ተብሎ የሚታወቀው ይህ መብራት ዛሬ በየጽሕፈት ቤቱ ለምናየው ተጣጣፊ የጠረጴዛ መብራት ሁሉ አያት ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ውጥረት ለማወቅ ግን እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልግህም። ጠፍር አልጋ ላይ ተኝተህ ታውቃለህ? ቀጭን ጠፍር ብቻውን አንድ ሰው አይሸከምም። ከእንጨቱ ጋር ተወጥሮ እርስ በርሱ ሲጠላለፍ ግን ባልና ሚስትን ከነልጃቸው ያሳድራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ያሉትም ይህንኑ ነው። ጠፍሩ ሲረግብ ግን አልጋው ጉድጓድ ይሆናል። የመሰንቆም ክር እንዲሁ ነው፤ የሚዘፍነው ሲወጠር ብቻ ነው።

ሁለተኛው መልስ ሚዛን ነው። ሪቻርድ ሳፐር የተባለ ጀርመናዊ ሚላኖ ከተማ ተቀምጦ በ1972 «ቲትስዮ» የሚባለውን መብራት ለአርቴሚዴ ኩባንያ ነደፈ። ይህ መብራት ሞላ የለውም። እያንዳንዱ ክንድ በአንደኛው ጫፍ የሚሸከመው አለው፥ በሌላኛው ጫፍ የሚመዝነው ክብደት አለው፤ በአንድ ጣት ሲገፉት ይሄዳል፤ ሲተዉትም ይቆማል። በተለይ የሚደነቀው ነገር በክንዶቹ ላይ ሽቦ አለመኖሩ ነው። ኤሌክትሪኩን ወደ 12 ቮልት ዝቅ አድርጎ ራሳቸው ክንዶቹ እንዲያስተላልፉት አደረገ፤ ስለዚህ ያው አንድ ብረት ተሸካሚም ሽቦም ሆነ። ሂሳቡ የገበያ ሚዛን ሂሳብ ነው። 300 ግራም የሚመዝን መብራት ከመዞሪያው 60 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ፥ በሌላው ወገን 1,200 ግራም ክብደት በ15 ሳንቲ ሜትር ላይ ያስተካክለዋል። 300 ጊዜ 60 እና 1,200 ጊዜ 15 ሁለቱም 18,000 ናቸውና።

ሦስተኛው መልስ ለእኔና ለአንተ ኪስ የሚቀርበው ነው። ፒዮ ማንዙ የሚባል ጣሊያናዊ ንድፍ አውጪ አንድ ሐሳብ ጀምሮ ሳይፈጽመው በ1969 በመኪና አደጋ ሞተ። ሐሳቡን ያገሩ ልጅ አኪሌ ካስቲልዮኒ ተቀብሎ በ1971 «ፓሬንቴዚ» የሚባለውን መብራት አወጣ። መብራቱ እግር የለውም፤ ክንድም የለውም። ከጣራ እስከ ወለል አንድ የብረት ገመድ ይወርዳል፤ ከታች ያለው ክብደት ገመዱን ይወጥረዋል። ገመዱ ቅንፍ በሚመስል ጎባጣ ቱቦ ውስጥ ያልፋል፤ አምፖሉ የተያዘውም በዚህ ቱቦ ላይ ነው። ገመዱ ቀጥ ማለት ይፈልጋል፤ ቱቦው ያጎብጠዋል፤ በሁለቱ ክርክር የሚፈጠረው ፍትጊያ መብራቱን ባለበት ያቆመዋል። በእጅህ ስትገፋው ግን ይወጣል፥ ይወርዳል። ብሎን የለ፥ ሞላ የለ፥ መቆለፊያ የለ። ዛሬ በዓለም ላይ በጥቂት ነገር ብዙ የሚሠሩ የሚባሉት ንድፍ አውጪዎች ትምህርታቸው ይህ ነው፤ ከዕቃው ላይ ምንም ሊቀነስ እስከማይችል ድረስ መቀነስ። ጠረባን ለሚያውቅ የላስታ ሰው ይህ ትምህርት እንግዳ አይሆንበትም።

ክብደት መብራትን መያዝ ብቻ ሳይሆን መብራትን መውለድም ይችላል። ማርቲን ሪዲፎርድና ጂም ሪቭስ የተባሉ ሁለት የለንደን ንድፍ አውጪዎች በ2012 «ግራቪቲላይት» የሚሉትን መብራት ለዓለም አሳዩ። አሸዋ ወይም ድንጋይ የተሞላ 12 ኪሎ የሚመዝን ከረጢት ወደ 1.8 ሜትር ከፍታ ትሰቅላለህ። ከረጢቱ በዝግታ ሲወርድ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ያዞራል፤ መዘውሮቹ ትንሽ ዲናሞ ያዞራሉ፤ ዲናሞውም ትንሽ አምፖል ያበራል። ላምባ የለ፥ ጢስ የለ፥ ባትሪ ድንጋይ የለ።

ተማሪ ሆይ፥ ሂሳቡን እስኪ እንሥራው። 12 ጊዜ 9.8 ጊዜ 1.8 ሲባዛ 212 ጁል ያህል ይሆናል። ከረጢቱ ወለል ለመድረስ 25 ደቂቃ፥ ማለት 1,500 ሴኮንድ ቢፈጅ፥ በፍትጊያ የሚባክነውን ሳንቀንስ 0.14 ዋት ብቻ እናገኛለን። ያ ሁሉ ሸክም የቀድሞውን 60 ዋት አምፖል ከ4 ሴኮንድ በላይ አያበራም! በእርግጥም ትንሽ ነው። ሆኖም አሁን ያሉት ኤልኢዲ አምፖሎች በአንድ ዋት ወደ 100 ሉመን ስለሚሰጡ፥ ከባከነው የተረፈው አንድ አሥረኛ ዋት የኩራዝን ያህል ብርሃን ያለ ጢስ ይሰጣል። ደግሞም ከፊደሉ አጠገብ ካዋልኸው ይነበብበታል። በየ25 ደቂቃው ተነሥቶ 12 ኪሎ መስቀል እንደሚያሰለች አልክድም፤ በዚህም ምክንያት ዛሬ በገጠራችን የተስፋፋው ትንሹ የፀሐይ መብራት ነው። ነገር ግን ይህ ከረጢት አንድ ነገር ያስተምራል፤ ብርሃን የሚመጣው ከሥራ ነው፥ ሥራውም ይቆጠራል።

ይኸው ሕግ በትልቁ ሲሠራ ለማየት ከመቄት ገደል አፋፍ ላይ ቆመህ ወደ ሰሜን ተመልከት። በዚያ በኩል የሚወርደው ውሃ ተከዜን ይቀላቀላል። ተከዜ የላስታን ዝናብ ይዞ ወርዶ ወርዶ፥ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው ከ180 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ግድብ ይታገዳል። እዚያም ክብደቱ እየወደቀ እስከ 300 ሜጋ ዋት ኀይል ለማመንጨት የሚችሉ መዘውሮችን ያዞራል። የለንደኑ ከረጢትና የተከዜ ግድብ ልዩነታቸው የመጠን ብቻ ነው፤ ሁለቱም የሚወድቅ ክብደት ናቸው። ስለዚህ ማብሪያውን በከንቱ ስትተወው የምታባክነው ነገር አንድ ቦታ ላይ የወደቀ ውሃ መሆኑን አስብ።

ከወሬው ወደ ሥራው እንሂድ። አሁን የምነግርህን መብራት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልትሠራው ትችላለህ። የሚያስፈልግህ ጠንካራ ሲባጎ ወይም ቀጭን ገመድ፥ አራት ወይም አምስት ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ፥ አንድ ስንዝር ርዝመት ያለው ቁራጭ እንጨት፥ እንዲሁም ቀላል የሚሞላ ኤልኢዲ መብራት ወይም ትንሽ የፀሐይ መብራት ነው። በእንጨቱ ሁለት ጫፍ አጠገብ ከገመዱ ጥቂት የሚሰፋ ቀዳዳ ብሳ። ገመዱን በላይኛው ቀዳዳ ከፊት ወደ ኋላ፥ በታችኛው ቀዳዳ ከኋላ ወደ ፊት አሳልፈው። የገመዱን ራስ ከጠረጴዛህ በስተ ግራ ካለው የጣራ ማገር ጋር እሰር፤ በግራ እጅህ የምትጽፍ ከሆነ በስተ ቀኝ ይሁን። በታች በኩል ድንጋዩን አንጠልጥል፤ ድንጋዩ ወለሉን እንዳይነካ አንድ ጣት ያህል ከፍ ይበል፤ ያለዚያ ገመዱ አይወጠርም። ከዚያ በኋላ መብራቱን በእንጨቱ የፊት ገጽ ላይ እሰረው።

አሁን የሚሆነውን ተመልከት። መብራቱ በአንድ ወገን ስለሆነ እንጨቱን ያዘነብለዋል። እንጨቱ ሲያዘነብል ቀዳዳዎቹ ገመዱን ይነክሱታል። እንግዲህ መብራቱን ከመውደቅ የሚያድነው የራሱ ክብደት ነው ማለት ነው። ከፍ ወይም ዝቅ ልታደርገው ስትፈልግ እንጨቱን በእጅህ ቀና ብታደርገው ይላላል፤ ስትለቀው መልሶ ይይዛል። ቢንሸራተትብህ ቀዳዳዎቹን አራርቃቸው፤ ወይም ድንጋዩን ጨምር።

ሦስት ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንደኛ፥ ኩራዝም ሆነ ሻማ በዚህ ገመድ ላይ ከቶ አትስቀል፤ ገመድ ይቃጠላል። ሁለተኛ፥ የግድግዳውን ኤሌክትሪክ በዚህ መልክ አትጎትት፤ ሸክም መሸከም ያለበት ገመድ እንጂ የኤሌክትሪክ ሽቦ አይደለም። ብዙ አደጋ የሚመጣው ሽቦ የገመድን ሥራ እንዲሠራ ስለሚገደድ ነው። ሦስተኛ፥ ድንጋዩን ልጅ በሚድህበት ወይም ሰው በሚተኛበት ቦታ ላይ አታንጠልጥል። መብራቱ ዐይንህን እንዳይወጋ ደግሞ በወፍራም ነጭ ወረቀት ክዳን ሥራለት፤ ክዳኑ ወደ ላይና ወደ ጎን የሚባክነውንም ብርሃን ወደ ደብተርህ ይመልሰዋል።

ከዚህ ሁሉ የምናገኘው ምክር ለመብራት ብቻ የሚሆን አይደለም። ክብደት ብቻውን ሸክም ነው፤ ቦታ ሲያገኝ ግን ሚዛን ይሆናል። ሃምሳ ሎሚ ላንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ስለዚህ ነው። ውጥረትም ሲበዛ ይበጥሳል፥ ሲጠፋ ያረግባል፤ በልኩ ሲሆን ግን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። አዲስ ሠራተኛ ደመወዙ ጥቂት ነው፤ ተማሪም ጊዜው ጥቂት ነው። «ብዙ ባገኝ ኖሮ» እያሉ ጣራውን ከማብራት፥ ያለችውን አንድ ሰዓትና ያለችውን አንድ ብር ወደ ሥራው አስጠግቶ ማዋል ይሻላል።

በፍላቂትም ሆነ በአዲስ አበባ የምትኖር አንባቢዬ፥ ትልቅ አምፖል ለመግዛት ወደ ሱቅ ከመሮጥህ በፊት ከመብራትህ እስከ ደብተርህ ያለውን ርቀት በስንዝር ለካ። ከሦስት ስንዝር ካለፈ ጉዳዩ ከባለ ሱቁ ጋር ሳይሆን ከገመዱና ከድንጋዩ ጋር ነው። ለሳምንት በሌላ ጨዋታ እስክንገናኝ ብርሃንህ ከፊደልህ አይራቅ።